የልጅቷ አፍ ሲንቀሳቀስ

ምንይሉን ቁጭ ብሎ ያየው ሰው ካለ ይንገረኝ። ስልክ የሚጠግነው ቆሞ ነው፤ ምሳውን የሚበላው ቆሞ ነው፤ ሰው ሲያናግረው እንኳ አንድ እግሩ መሬቱን ይደበድባል። ሱቁ ውስጥ ጥሩ ወንበር አለች፤ እሷ ላይ የሚቀመጠው ግን የተበላሸ ቻርጀር ነው። እኔ ጥሩሸዋ እባላለሁ። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት አለኝ፤ የእሱን ሱቅና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የማወራው ሁሉ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ቆርቆሮ ምስጢር አይችልም፤ እኔም ብዙ አልችልም።

ምንይሉ ተወልዶ ያደገው እዚሁ መንዝ፣ ዘመሮ ነው። ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒውተር ሲማር አባቱ ሞቱበት፤ እናቱን ብቻቸውን ላለመተው ትምህርቱን አቋርጦ ተመለሰ። እሳቸውን ይዞ መሐል ሜዳ ገባና ሱቅ ከፍቶ ስልክ መጠገን፣ ሚሞሪ ላይ መዝሙርና ፊልም መጫን ያዘ። እናቱ እንደሚሉት ዕረፍት ያጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የጀመሩት ነገር ሳያልቅ ሲቀር ውስጥን ይበላል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ ካለው ታሪክ ሁሉ መርጦ የማያልቀውን መውደዱ ነው የሚገርመኝ።

ታሪኩ የጃፓን ነው። ጃፓኖች ማንጋ የሚሉት የሥዕል መጽሐፍ አላቸው፤ ሥዕሉን እየተከተሉ ነው የሚያነቡት። ይኼኛው ምንይሉ ልጅ ሳለ ተጀምሮ ዛሬም ይወጣል። አንድ የጃንጥላ ጠጋኝ ልጅ አለ፤ አንዲት የዓሣ ነጋዴ ልጅ አለች። በየጠዋቱ አንድ ጣቢያ ቆመው ትምህርት ቤት የሚወስዳቸውን ባቡር ይጠብቃሉ። ይዋደዳሉ። እሱ መውደዷን አያውቅም፤ እሷም መውደዱን አታውቅም። እሱ ሊናገር አፉን ሲከፍት ባቡሩ ይመጣል፤ እሷ ልትናገር ስትል እሱን ያስነጥሰዋል። አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጨክኖ ተናግሮ ቀና ቢል የነገረው ለእናቷ ነው። ሰው እየሳቀ አንጀቱ ያራል።

ከመጽሐፉ ካርቱን ተሠራ፤ ወጣቶቹ አኒሜ ይሉታል። ምንይሉ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያየ በራሱ ድምፅ ወደ አማርኛ ይመልሰውና በየሰው ሚሞሪ ላይ ይጭነዋል። የጃፓኖቹ ስም ለምላሳችን አልመች ቢል ልጁን ወዳጆ፣ ልጅቷን አመተሥላሴ አላቸው። ጉልበቷ የሚታይ ጉርድ የለበሰች አመተሥላሴ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። አነጋገራቸውም የእኛው ነው፤ ወዳጆ ባቡር ሲያመልጠው ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሚኒባስ እንዳመለጠው የመንዝ ሰው ነው የሚራገመው።

ዋና አድማጮቹ እኛ ፈታዮቹ ነን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የያዘ የሸማኔውን ግድግዳ ተደግፈን የበግ ጠጉር እንፈትላለን፤ ፈትሉ ባና፣ የጠጉር ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩት ለሸማኔው ለአቶ ወንዳፈራሁ ነው። እጃችንም ዓይናችንም እንዝርቱ ላይ ስለሆነ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝተን ካርቱኑን እንደ ሬዲዮ እንሰማዋለን። ሥዕሉን የምታየው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ የሸማኔው ልጅ ሸዋረግ። ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ታያለች፤ ክሯ ይበጠሳል፤ ትቀጥለዋለች፤ ደግሞ ይበጠሳል። አባቷ እዚያው ደጃፍ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው «በካርቱን የተፈተለ ባና ማንን ያሞቃል?» ይላሉ። ነገር ግን ድምፁን ቀንሱ ብለው አያውቁም።

ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ገብቶናል። አመተሥላሴ የምትናገረው እንደ ሸዋረግ ነው። ሸዋረግ ሲገርማት «ወይ ጣጣዬ» ትላለች፤ ጃፓኗም «ወይ ጣጣዬ» ትላለች። ሸዋረግ ሲከፋት «ተወው፣ እኔ እንዲሁ ነኝ» ትላለች፤ ያችም ያንኑ። ምንይሉ የልጅቷን ድምፅ ሲያወጣ የራሱ ድምፅ ይለሰልሳል። ሸዋረግ ሚሞሪ ለማስጫን ስትመጣ ደግሞ ሁለቱ ስለ ወዳጆ ያወራሉ፤ ስለ አመተሥላሴ ያወራሉ፤ ስለ ራሳቸው ግን ትንፍሽ አይሉም። እኔ በቆርቆሮው ማዶ ሆኜ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ።

አንድ ቀን አልቻልኩምና «አንተ ልጅ፣ ለምን አትነግራትም?» አልኩት።

«እትዬ፣ እንቢ ብትለኝስ? ያኔ እኮ ሚሞሪ ለማስጫን እንኳ አትመጣም» አለኝ።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ብዬው ወደ ሥራዬ ገባሁ። ተናድጄ ስለነበር ለሰው ሁሉ ስኳር የሌለው ሻይ ሰጠሁ።

የመጀመሪያው ካርቱን የተሠራው መጽሐፉ ገና መንገድ ላይ ሳለ ነበር። ሠሪዎቹ መጨረሻ ሲያጡለት ልጅቷን ባቡር አሳፍረው፣ ልጁን ጣቢያው ላይ አቁመው ጨረሱት። ያን ቀን ፈታዮቹ እንዝርታችንን እንደያዝን ሱቁ ድረስ ሄድን፤ ቀሪውን የደበቀው መስሎን ነበር። «የለም፣ እነሱም እዚህ ላይ ነው ያቆሙት» ቢለን ማን ይስማው። አቶ ወንዳፈራሁ «ሰው እንዲህ ተንጠልጥሎ ይተዋል?» ብለው አኮረፉትና ሰላምታም ነሱት።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ድርጅት ካርቱኑን ከሀ ጀምሮ እንደ አዲስ ሠራው። ደስ ብሎን ከፈትነው፤ የወዳጆ ፊት ተለውጧል። ሸዋረግ «አፍንጫው ሌላ ነው» ስትል አባቷ ከጉድጓዳቸው ወጥተው አዩና «ይኼ ወዳጆ አይደለም፤ የአጎቱ ልጅ ይሆናል» ብለው ፈረዱ። እየዋለ እያደረ ለመድነው። ይኼኛው መጽሐፉን እግር በእግር የሚከተል ነው። መጽሐፉም በዚያ መሐል ልጆቹ በግልጽ የሚነጋገሩበት ቦታ ደርሷል፤ ምንይሉ ራሱ ነግሮናል። ያን ክፍል ስንጠብቅ ያለፈው ጊዜ ለጤና ጥሩ አልነበረም።

ይህ እንዲህ እያለ ነው አንድ የደብረ ብርሃን ሹፌር ለሸዋረግ ሽማግሌ የላከው። ገበያ ላይ አይቷት ነው። ሰውየውን ክፉ ነው አልልም፤ እኔ ቤት ሻይ ሲጠጣ አመስግኖ የሚሄድ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው ጉዳዩን የሚናገረው፤ የልጅቷ አባት ልባቸው እሺ ካላለ ቁጭ በሉ አይሉም። አቶ ወንዳፈራሁም እንደቆሙ ሰሟቸውና «ዘር ይቆጠር፣ ዘመድ ይጠየቅ፣ እንመካከር» ብለው መለሷቸው። ደግመው መጡ፤ ደግመው ቆመው ሄዱ። ሦስተኛው ቀጠሮ የገና በዓል በዋለ በመጀመሪያው እሑድ ሆነ። በሦስተኛው ቁርጡ መነገር አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ማመላለስ ነውር ነው። እሺ ከተባለ ጥር ላይ ሰርግ ነው።

ምንይሉ ይህን ከሰማ ጀምሮ መቆምም ተሳነው፤ መሄድ ጀመረ። ከሱቁ ወደ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሱቁ። ውርጩ ፊቱን አድርቆታል። የአንዱን ስልክ ለሌላው ይሰጣል፤ ሰው ሲቆጣው «ይቅርታ» ብሎ የሦስተኛውን ያመጣል። እናቱ «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» ይሉታል። እኔ ግን ሲነቅዝ በዓይኔ እያየሁት ነበር።

ቀጠሮው በቀረበበት ሳምንት ያ የተጠበቀው ክፍል ወጣ። ዓርብ ከሰዓት ሁላችንም ግድግዳው ሥር ተሰበሰብን። ከስልኩ የምንይሉ ድምፅ ጣቢያው ላይ በረዶ እንደሚጥል፣ ሁለቱም ልጆች ብርድ ላይ እንደቆሙ ነገረን። ጉሮሮውን ጠረገና «ወዳጆም እንዲህ ሲል ወሰነ፤ ከእንግዲህ ዝም አልልም፤ ነገ ለአባቷ ሽማግሌ እልካለሁ» አለ። ባቡሩ ጮኸ፤ ክፍሉ አለቀ። እኛም እልል አልን። አቶ ወንዳፈራሁ «እሰይ፣ ጨዋ ልጅ ነው» ብለው ወደ ሽመናቸው ተመለሱ።

ሸዋረግ ግን እልል አላለችም። ስልኩን ይዛ ብድግ አለችና እንዝርቷን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ምንይሉ ሱቅ ገሠገሠች። እኔም ሻይ ጥጄ መምጣቴ ትዝ አለኝ ብዬ ተከተልኳት። ቡታጋዜ ላይ የተጣደ ነገር ነበር፤ እሱስ እውነት ነው።

«መጨረሻውን ክፈተው» ስትለው ሰማሁ።

«ሰምተሽው የለ?»

«ክፈተው አልኩህ።»

ከፈተው። የባቡሩ ድምፅ በቆርቆሮው መጣ።

«እዚህ ላይ አቁም። የማን አፍ ነው የሚንቀሳቀሰው?»

የምንይሉ እግር መሬቱን ሲደበድብ ይሰማኛል። «የእሷ» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ግን የእሱን ነው የምታወራው። እሷ ምን እያለች ነው?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ እንዝርታችን ላይ አቀርቅረን ስለምንውል በቀላሉ ተታለናል።

«እዚያ አገር ሌላ ነው፣ ሸዋዬ» አለ። «ሴት ልጅ ቀድማ ስትናገር እዚህ ቢሰማ ሰው ምን ይላል? አባትሽም ያዳምጣሉ። የእኛ ወግ ሽማግሌ ነው ብዬ...»

«ስለ ወግ አልጠየቅኩህም። ምን አለች?»

«‹ይህን ሁሉ ዓመት ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩህ። ደከመኝ። እወድሃለሁ። አንተስ?› ነው ያለችው።»

ቡታጋዙ ሲጮህ አላሰማኝ ቢል አጠፋሁት።

«እሱስ ምን አላት?»

«እሱማ ምን ይላል? ባቡሩ መጣና አለቀ።»

«አንተስ?» አለችው።

እግሩ መደብደቡን አቆመ። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ በዚያ ሱቅ እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

«ሽማግሌው ለአባቴ ነው። ለእኔስ?»

ያኔ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። ጆሮዬን ቆርቆሮው ላይ ለጥፌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ አልሰማሁም። ያን ሁሉ ዓመት ጠብቄ ለእሷ ብቻ በሹክሹክታ ነገራት፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሸዋረግ ወደ ውጭ ስትወጣ ግን ፊቷን አየሁት፤ እንዝርቷ ከእጇ ወድቆ ጠጉሩ በመናኸሪያው አቧራ ላይ ይጎተት ነበር። እሷ አላወቀችውም።

በማግሥቱ ቅዳሜ መምሬ መልከ ጼዴቅና ሁለት ሽማግሌዎች ለምንይሉ ሊለምኑ ወደ አቶ ወንዳፈራሁ ግቢ ገቡ። የሹፌሩ ቀጠሮ ነገ ነው። እኔ ከሸዋረግ ጋር ጓዳ ነበርኩ፤ ማንም ባይጠራኝም ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ሄጃለሁ። ነፋሱ የመምሬን ጥምጣም ሊወስደው ይታገላል። ሦስቱም ቆመዋል። አቶ ወንዳፈራሁ እስከ መጨረሻው ሰሟቸውና ያችኑ የለመዱትን አመጡ።

«መምሬ፣ ቀድሞ የመጣ ሰው አለ፤ ነገ ቀጥሬዋለሁ። እንግዲህ ዘር ይቆጠር፣ ዘመድ ይጠየቅ፣ እንመካከር።»

እነሱ ዘር ቆጥረው እስኪጨርሱ ነገ ይመጣል። ቢላዋውን አስቀምጬ ሸዋረግን ባያት ቦታዋ ላይ የለችም። መጋረጃውን ገልጣ ወጥታለች። በዚያ ግቢ ሽማግሌ ፊት ወጥታ የተናገረች ልጅ እኔ አላየሁም፤ አይታለች የምትባል ሴትም አላውቅም።

«አባባ» አለች። «እርስዎ ይመካከሩ። እኔ ተመካክሬ ጨርሻለሁ። የምወደው ምንይሉን ነው።»

መምሬ መልከ ጼዴቅ መሬት መሬት አዩ። አቶ ወንዳፈራሁ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷትና ማንም ያልጠበቀውን ነገር ጠየቁ።

«ካርቱኑ ላይም የተናገረችው እሷ ናት?»

«አዎ፣ እሷ ናት። ምንይሉ ነው የቀየረው።»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ያ ወዳጆ እንዲህ ያለ ወኔ ከየት ያመጣል?» ከዚያ ወደ ሽማግሎቹ ዞሩ። «የነገዎቹን እኔ በአክብሮት እሸኛቸዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ አቁሜ የሸኘኋቸው ልቤ እሺ አልል ቢለኝ ነው። እናንተ ቁጭ በሉ።»

መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ጓዳ ውስጥ ያሉት ሴቶች እልልታቸውን ሲያቀልጡት እኔ በጓሮ በር ወጥቼ ሮጥኩ። ለካ ለባለጉዳዩ የሚነግረው ሰው አልተላከም።

ምንይሉ መናኸሪያውን እየዞረ ነበር። እኔን ሲያይ ቆመ፤ ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተና ቃሉ አልወጣለት አለ። ትንሽ ላስጠብቀው፣ ያቃጠለኝን ላቃጥለው አስቤ ነበር። ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ ሳየው አንጀቴ አልቻለም።

«ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል» አልኩት።

ግራ ቀኙን አየ። አጠገቡ ከሚኒባስ የወለቀ አሮጌ ጎማ ነበር፤ እዚያ ላይ ቁጭ አለ።