ሦስተኛውን ልመና ስጠብቅ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የጌታችን ሰላም ይብዛላችሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሴቶች በኩል ዝም ብላ የምትቀመጥ አሮጊት አድርጋችሁ ነው። በሰው ፊት ቆሞ መናገር አይሆንልኝም። ነገር ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልመሰክር ብሞት ደስ አይለኝም። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ መጥቻለሁ፤ ድምፄ ካነሰ ታገሡኝ።

የተወለድኩት እዚሁ ነው፤ ከተማችን ናዝሬት ሳትባል፣ አዳማ ሳለች። አባቴ የባቡር ጣቢያው የዕቃ ጸሐፊ ነበሩ። ከሸዋ የመጡ፣ ጾም የማይሽሩ፣ ፈረንሳይኛ በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰው ናቸው። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። በባቡር ሲያልፉ የተዋወቋቸው አንዲት የወንጌል መልእክተኛ በግብፅ አገር፣ በእስክንድርያ ከተማ ያለ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት እንዲቀበለኝ ጻፉልኝ። ነገሩ ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ዘመዶቻችን “ሴት ልጅ ባሕር ተሻግራ ምን ልትሆን ነው?” ሲሏቸው አባቴ “አስተማሪ” አሉ።

በመሄጃዬ ቀን እናቴ ጣቢያው ላይ ነጠላዬን እያስተካከለች መከረችኝ። “ሰው ቤት እንዳታሳፍሪን። ምግብ ሲያቀርቡልሽ ቶሎ እጅሽን አትዘርጊ። መጀመሪያ ‘ይብቃኝ’ በይ። ሁለተኛም ‘ይብቃኝ’ በይ። በሦስተኛው ትንሽ ቅመሺ።”

ከደራ ገበያ እህል እያመጣች የምትሸጠው ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ይህን ሰምታ ሳቀች። “አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷን በረኃብ ልትገያት ነው?” አለቻትና በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በቅል ሞልታ አስታቀፈችኝ። “ይህን ማንም ሳያይሽ ብይ” አለችኝ።

እስክንድርያ ስደርስ ሁሉ ነገር በዛብኝ። ትራሙ በመስኮታችን ሥር እየጮኸ ያልፋል። በደወል እንነሣለን፣ በደወል እንታጠባለን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ተሰልፈን ወደ ባሕሩ ዳር እንሄዳለን። ግሪክ፣ ሶርያዊት፣ አርመን፣ ግብፃዊት፣ ሁሉም በየቋንቋዋ ታወራለች። እኔ አባቴ ባስተማሩኝ ጥቂት ፈረንሳይኛ ትምህርቱን እከታተል ነበር፤ ሒሳብም ይገባኝ ነበር። ትምህርቱን ወደድኩት።

ችግሬ ማዕድ ላይ ነበር። ምሳና ራት ሲሆን ትልቁ ሳህን በጠረጴዛው ዙሪያ ይዞራል። አስተናጋጇ አጠገቤ ቆማ “ትወስጃለሽ?” ትለኛለች። “አይ፣ ይብቃኝ” እላለሁ። እሷም ወደሚቀጥለው ወንበር ታልፋለች። ተመልሳ ትለምነኛለች ብዬ ዓይኔን ሰብሬ እጠብቃለሁ። አትመለስም። “ዛሬ ረስታ ነው፣ ነገ ትለምነኛለች” እላለሁ። በማግስቱም ያው ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ዳቦና ሻይ ሳይጠየቅ በየቦታችን ይቀመጥ ነበር። በእሱና በአዴ ጫልቱ ጭኮ ሰነበትኩ። ጭኮውን በጣት በጣት እየቆነጠርኩ አንድ ወር አደረስኩት።

ጭኮው ካለቀ በኋላ ልብሴ ሰፋኝ፤ ደረጃ ስወጣ ዓይኔ ይጨልማል። አንድ ቀን ከሒሳብ ክፍል ስወርድ ወደቅሁ። ስነቃ በሕመምተኞች ክፍል ተኝቻለሁ፤ አንድ ግሪካዊ ሐኪም ደረቴን ያዳምጣል። ለዲሬክተሯ እንዲህ አላቸው፦ “ሳንባዋን እጠረጥራለሁ። አራት ሳምንት ትታይ። ክብደት ካልጨመረች ወደ አገሯ ትመለስ፤ ከሌሎቹ ልጆች ጋር መኖር የለባትም።” ዲሬክተሯም ለመርከቡ ደብዳቤ አዘጋጁ።

ወገኖቼ፣ የሳንባ በሽተኛ ተብሎ መመለስ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደ ነበር ትልልቆቻችሁ ታውቃላችሁ። የአባቴን ፊት አሰብኩ። በዘመዶቻቸው መካከል ምን ብለው ይቀመጣሉ? “ጌታ ሆይ፣ ወይ አድነኝ፣ ወይ እዚሁ ውሰደኝ” ብዬ ጸለይኩ። እውነቱን ልናገር፤ እንደራበኝ አውቅ ነበር። ግን ርቦኛል የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ደግሞም አይተው ዝም ያሉኝ ስለ ጠሉኝ መስሎኝ ነበር።

ሕመምተኞቹን የምትረዳ አራክሲ የምትባል አርመናዊት ተማሪ ነበረች። ወላጆቿ በስደት መንገድ ላይ አልቀዋል። በማግስቱ የምስር ሾርባ ይዛልኝ መጣች።

“ትጠጪያለሽ?”

“ይብቃኝ።”

ሳህኑን አስቀምጣ ስትዞር፣ ከጠዋቱ ዳቦ አንሶላው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቴ ስለቅም አየችኝ።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“ምንም።”

“ውሸታም። እኔ ፍርፋሪ ለቅሜ ያደግሁ ነኝ፣ ሌላ ሰው ሄደሽ አታልዪ። አንቺ አልታመምሽም፤ ርቦሻል።”

“ይብቃኝ አልኩሽ እኮ።”

“ካልጠጣሽው ራስሽ ላይ አፈሰዋለሁ።”

ጠጣሁት። ሁለተኛም አመጣች፤ ሦስተኛም። ከዚያ የእናቴን ምክር ነገርኳት። መጀመሪያ አፍጥጣ አየችኝ፤ ቀጥሎ መሬት ላይ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። “ሁለት ወር ሙሉ ሦስተኛውን ስትጠብቂ? እነዚህ ሰዎች እኮ እስከ ዳግም ምጽአት አይደግሙልሽም!”

እጄን ይዛ ዲሬክተሯ ፊት አቆመችኝ። “በይ ንገሪያቸው፤ እኔ አልናገርልሽም” አለችኝ። መሬት መሬት እያየሁ “እመቤት፣ ከመጣሁ ጀምሮ ርቦኛል” አልኩ።

ዲሬክተሯ ከሰሜን አውሮፓ የመጡ፣ ፈገግታ የማያበዙ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። “እኛ የቤተ ክርስቲያናችሁን ጾም የያዝሽ መስሎን ነበር” አሉ። “በእኔ አገር እምቢ ያለን ሰው መልሶ መጠየቅ ነውር ነው። አከበርኩሽ ብዬ አስራብኩሽ።” ከዚያን ቀን ጀምሮ በማዕድ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። አልለመኑኝም፤ ሳህኑ ሲመጣ ብቻ እኔን ያዩ ነበር። ፊቴ እየጋለ እወስድ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆመኝ። ደረቴንም ደጋግሞ አዳመጠ። “ሳንባዋ ደኅና ነው። ምን መድኃኒት ሰጣችኋት?” አለ። አራክሲ ከኋላ “ምስር” አለችው። የመርከቡ ደብዳቤ ተቀደደ። ጌታ ይመስገን።

አንዳንዶቻችሁ ይህ ምን ፈውስ ነው፣ ልጅቷ በላች እንጂ ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በላሁ። ነገር ግን ረኃብን የምታውቅ ልጅ አልጋዬ አጠገብ ያመጣት ማን ነው? እኔ ጌታ ነው እላለሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ፣ በትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት፣ ሰባኪው ክርስቶስ ሁሉን እንደ ፈጸመልን ከተናገሩ በኋላ፣ ሕይወቱን ለጌታ መስጠት የሚወድ ወደ ፊት ይምጣ አሉ። ልቤ ፈለገ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እግዚአብሔርን እፈራ ነበር እንጂ ቀርቤ አላውቅም። ተቀምጬ ጠበቅሁ። አራክሲ አጠገቤ ናት፤ ፊት ለፊት ታያለች፣ በክርኗ እንኳ አልነካችኝም። ሰባኪው መጽሐፋቸውን ሊዘጉ ሲሉ፣ ደግሞ እንደ ማዕዱ እያደረግሁ መሆኔ ገባኝ። ጌታን ለምነኝ እያልኩት ነበር። ተነሣሁ። ወደ ፊት የሄድኩት በራሴ እግር ነው። “ጌታዬ፣ እፈልግሃለሁ” አልኩ፤ ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ያገኘሁት ሰላም እስከ ዛሬ አልተለየኝም። ስሙ ይባረክ።

ሁሉን ለአባቴ ጻፍኩ፤ ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ “ስለ ሃይማኖትሽ ስትመለሺ እንነጋገራለን። ምግብሽን እንዳታቋርጪ። እናትሽ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ እህል አልቀምስም አለች፤ አዴ ጫልቱ ተጣልታ አበላቻት።”

ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ። ከአባቴ ጋር ተነጋገርን፤ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ በፍቅር ግን ነበር። በዚህች ከተማ ሴቶች ልጆች ሳስተምር አረጀሁ። ጌታ አንድም ቀን አልተወኝም።

አሁን አንድ ነገር ልበልና ልቀመጥ። በየእሑዱ ከበሩ አጠገብ የምትቀመጪው ልጄ፣ ስምሽን አላውቅም። መዝሙሩ ሳያልቅ ቀድመሽ ትወጫለሽ። ማንም መጥቶ ስላላናገረሽ የማትፈለጊ መስሎሽ ይሆናል። ጌታ ይፈልግሻል፤ እመኚው። ዛሬ አትውጪ። እኔ በምቀመጥበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቦታ አለ።