የእትዬ ውድነሽ ባለ አበባ ብርጭቆዎች

ዛሬ ጠዋት አሸዋ የጫነ መኪና በደጃችን ሲያልፍ ቁም ሣጥናችን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ተነካክተው ቅጭልጭል አሉ። እኔም ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ልጅነቴ ሮጥሁ። በእግሬ ቢሆንማ ደጃፉንም አላልፍ። የናፈቀኝ ድምፅ ነው። እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ ልጆቼ የላኩልኝ ኮት ዛሬም ከነላስቲኩ ተቀምጧል፤ መልኬ እስኪያምር እየጠበቅሁ መሆን አለበት።

ያኔ በደብረ ታቦር፣ ጎረቤታችን እትዬ ውድነሽ ስድስት ባለ አበባ ብርጭቆዎች ነበሯቸው። የፋብሪካው ወረቀት እንኳ ከሥራቸው አልተላጠም። ወደ ወረታ የሚወርድ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሮጠው ብርጭቆዎቹ የተደረደሩበትን ቡፌ በሁለት እጃቸው ያቅፉና ግድግዳው መንቀጥቀጡን እስኪተው ይቆማሉ። እኛ የምንጠጣው ከንፈር በሚያቃጥል፣ ዝገት ዝገት በሚል የቆርቆሮ ኩባያ ነው።

ታላቅ እህታቸው ከእብናት ለገበያ ሲመጡ እሳቸው ዘንድ ያርፉ ነበር። ቀልደኛ ነበሩ።

«ምናለ አንድ ቀን በእነዚያ ብታጠጪኝ? አልነክሳቸው!»

«ልጄን ስድር፣ እታለም። ከፊት አስቀምጬ ነው የማጠጣዎ።»

«ልጅሽ ገና ንፍጧን አልጠረገች፤ እኔን ግን አፈሩ እየጠራኝ ነው!»

ይሳሳቃሉ። ኩባያው ይቀርባል። እትዬ ውድነሽ ግን ያን ቀን ከልባቸው ይጠብቁት ነበር፤ የትኛው ብርጭቆ የእህታቸው እንደሚሆን ሳይቀር መርጠዋል።

ክረምቱ ሳይወጣ ከእብናት የእህታቸው መርዶ መጣ። ቀብረው ሲመለሱ ቤታቸውን ለቀስተኛ ጎረቤት ሞልቶታል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ባለቤቷ መሬት ትቀመጣለች እንጂ ስለ ዕቃ አፏን አትከፍትም። ኩባያ ሲያንስ አንዷ ቡፌውን ከፈተች። ባለ አበባዎቹ ንፍሮ በዘገነ እጅ ከሰው ሰው ዞሩ። እትዬ ውድነሽ በዓይናቸው ይከተሏቸዋል። የመረጡትን ብርጭቆ አንድ የማያውቁት ሰውዬ አንሥቶ ሲምግበት፣ «እታለሜን!» ብለው እንደ አዲስ ጮኹ። ሰውዬው ደንግጦ ሻዩን ጭኑ ላይ ደፋው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ቡፌው አልተቆለፈም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ጠሩንና ጭቃ በጭቃ እንደሆንን በባለ አበባዎቹ ቀዱልን። እኔ መቼ አፌ ያርፋል፣ «ዛሬ ምን በዓል ነው፣ እትዬ?» አልኋቸው።

«ማክሰኞ ነው። ጠጣ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣሁት። ሻይ እንዲህ ቀይ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።