የመኪናዬ መንቀጥቀጥና የአባቴ እጅ

መኪናዬ የምትንቀጠቀጠው ነዳጅ ስረግጥ ብቻ ነበር። ቆማ ስትሠራ ጸጥ ያለች ናት፤ ሜዳ ላይ ቀስ ብዬ ስነዳትም ምንም አትል። ከፒያሳ ወደ ቁስቋም ስመለስ ዳገቱ ላይ እግሬን ጫን ሳደርግ ግን መሪው ይርገፈገፋል፣ ወንበሩ ይንገጫገጫል። ማለዳ ጉም ወርዶ ከሆነ ደግሞ ዛፉም አጥሩም አብሮኝ የሚንቀጠቀጥ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ያን ዳገት በሕልሜ የማየው እየተንቀጠቀጠ ነው።

አባቴ ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰፈራችን ደብር ቀድሰዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ቅዱስ ቁርባኑ እንዳይወድቅባቸው ፈርተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ከመቅደስ ወጡ። የእጅ መስቀላቸውንም ከአልጋቸው በላይ ምስማር ላይ ሰቀሉት። ሰው ሊሳለም ሲጠጋቸው «ወጣቶቹ አሉልህ» ይሉና እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይከቱታል። እዚያ ጋቢ ውስጥ ቀስ በቀስ እየጠፉብኝ ነበር፤ ይኸ ነው የሚያስጨንቀኝ።

መኪናዋን በገዛሁ ጊዜ ሆን ብዬ «ይባርኩልኝ» አልኋቸው። እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ተነሡ። መስቀሉን አወረዱ፣ ጆግ ሙሉ ውሃ ላይ ጸለዩ፣ ጎማውን፣ በሩን፣ ወንበሩን ረጩ። ከዚያ «ኮፈኑን ክፈቺው» አሉኝ።

«ምነው አባ?»

«ልቧ እዚያ አይደል?»

ከፈትሁት። ሊረጩ የጀመሩት ግን እጃቸው አልታዘዝ ብሎ መድፋት ሆነ፤ የጆጉ እኩሌታ እዚያው ሞተሩ ላይ ቀረ። እኔ ፊታቸውን እንጂ ውሃውን አላየሁም። እንደ ድሮው ቀጥ ብለው ቆመው ነበር።

በማግስቱ ዳገቱ ላይ ስትንቀጠቀጥ ነገርኋቸው። አልደነገጡም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው መሰለኝ።

«ጠበል ሲነካው የሚንዘፈዘፍ ምን እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው? የያዛት ነገር አለ፤ ሊለቃት ነው» አሉ።

ምን ብዬ ልከራከር? ጠበል ቦታ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ መንፈስ የያዘው ሰው ውሃው ሲያርፍበት እንዴት እንደሚሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ኮፈኑ እንደገና ተከፈተ። ባሰባት። ስለባሰባት ጠበሉ ተጨመረ።

በዚህ መሃል ዳባት ያሉት ታላቅ እህታቸው ታመው «ሳልሞት መጥቶ ይባርከኝ» ብለው ላኩባቸው። ወደዚያ የሚወስደውን የወገራን ዳገት በዚህ ሁኔታ አልደፍረውም ብዬ መኪናዋን ወደ ጋራዥ ወሰድኋት። አባቴም ከጎኔ ተቀምጠው መጡ።

መካኒኩ ጎልማሳ ሰው ነው። የዳገቱን ስነግረው «ሜዳ ላይ ስትሄድስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምንም አትል።»

«እንግዲያው ጎማም አይደለ» አለ። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሣ፣ እኔን ነዳጅ አስረገጠና የኤሌክትሪክ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ አዳመጠ። አንዱን ሲነቅል ሞተሩ ይደክማል፣ መልሶ ሲሰካው ይበረታል። የመጨረሻውን ሲነቅል ግን ምንም ለውጥ የለም። «ይቺ ናት የማትሠራው» አለ። ቤንዚኑን የምታቀጣጥለው ካንዴላ የተቀመጠችበትን ጠባብ ጉድጓድ በባትሪ ሲያየው ውሃ ሞልቶታል።

አባቴ አንገታቸውን አሰገጉ። «የምን ውሃ ነው?»

መካኒኩ ጥምጣማቸውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የመጀመሪያው አልነበረም መሰለኝ። «ዝናብ ነው፣ አባታችን» አለ።

ወሩ የካቲት ነው። አባቴ ቀና ብለው ከጥቅምት ወዲህ ጠብ ያላለበትን ሰማይ አዩ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ጉድጓዱ ደረቀ፣ ካንዴላዋ ተቀየረች፣ መኪናዋ ዳነች። እኔ ግን አለቅስ አለቅስ አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሣን። አባቴ መስቀላቸውን ምስማሩ ላይ ትተውት ሲወጡ አይቼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። የወገራን ዳገት እግሬን ጫን አድርጌ ወጣሁት፤ መሪው ንቅንቅ አላለም። ኮሶዬ ከተባለው ከፍታ ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ይሻገራል፤ የታጨደ የገብስ ማሳ ብቅ ይልና ይሰወራል። እኛ ቆመን ተራራው የሚያልፈን መሰለኝ።

«አክስቴን አይባርኳቸውም?» አልሁ።

«የአጥቢያው ቄስ ይባርካት። የእኔ እጅ ልክ አያውቅም፣ ልጄ።»

አንጀቴን በሉት። መኪናዋን ዳር አስይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ጉሙ ዙሪያችንን ዘጋው። መስቀሉን ከነነጠላው ጭናቸው ላይ አኖርሁና የውሃ ጠርሙሱን ከፈትሁ። ከዚያ አንገቴን ደፋሁ።

«ይርጩኝ።»

«እጄን አላየሽም?»

«እኔ ካንዴላ የለኝም፣ አባ። እንዳሻዎ ይድፉት።»

ጠርሙሱን አዩ፣ አናቴን አዩ። ከዚያ ሆዳቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እየሳቁ ነበር። እጃቸው ከጋቢው ወጣ። ውሃው ላይ ጸለዩ። የቀዘቀዘው ውሃ በአናቴ፣ በአንገቴ፣ በጀርባዬ ወረደ፤ ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን አልተንቀሳቀስሁም።

ሞተሩን ሳስነሣ መስቀሉን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር።

«ዳባት ስንደርስ» አሉኝ፣ «ኮፈኑን እንዳትከፍቺው።»