የክንፉ ሥር

ልጅ እያለሁ የማውቀው የጦር አውሮፕላን አንድ ጎን ብቻ ነበረው። ደባርቅ፣ ጋሽ ሞላ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ ያለ ሥዕል ነው፤ አፍንጫው ወደ ግራ፣ ሆዱ ጥላ ውስጥ። ጋሽ ሞላ ፀጉር አስተካካይ ከመሆናቸው በፊት አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ጓደኛዬ ደሱና እኔ ያንን አውሮፕላን ከዘይት ቆርቆሮ እንሠራው ነበር። ጎማውን ከአሮጌ ሸበጥ እንቆርጣለን፤ የብሎኑን ምልክት በምስማር ጫፍ እንወጋለን። ጣታችን ዘወትር የተቆረጠ፣ ልብሳችን የተቃጠለ ጎማ የሚሸት ነበር።

ለደሱ ክንፍ ካለው በቂው ነው። ለእኔ ግን ሆዱ ያልታወቀ አውሮፕላን ያላለቀ ነው። ጎማው ታጥፎ የሚገባው የት ነው? ከክንፉ ሥር የሚንጠለጠለውስ በምን ተይዞ ነው? ጋሽ ሞላን ስጠይቃቸው ፊታቸው ይጠቁራል። "እኔ ሞተር ነበር የምሠራው፤ ሌላውን ተወኝ" ይሉኛል።

ከሊማሊሞ መንገድ በታች፣ ገደሉ አፍ ላይ፣ እኛ ሳንወለድ የወደቀ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን ስብርባሪ ነበር። ቆራሌዎች መሸከም የሚችሉትን ሁሉ ወስደው የቀረው አንድ ግማሽ ክንፍ ነው። ሽማግሌዎቹ "ከሰማይ የወደቀን ነገር ባለቤቱ ሳይመጣ አትንኩ" እያሉ ከብት እንኳ በዚያ አያሳልፉም። እኛ ግን አንድ ቅዳሜ ለማንም ሳንናገር ወረድን።

ጉም ከታች እየተንፏቀቀ ይወጣ ነበር። የረገጥነው ጦስኝ ይሸታል፤ ከላይ ደግሞ ቁልቁለቱን የሚወርዱት አይሱዙዎች የጋለ ፍሬን ሽታ ይመጣል። ክንፉን አንድ ቋጥኝ ላይ እንደ ሚዛን ተጋድሞ አገኘነው፤ አንዱ ጫፉ ወደ መሬት አዘንብሏል፣ ሌላው አየር ላይ ነው። ደሱ ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ወደ ከፍተኛው ጫፍ ሲራመድ፣ ዝቅ ያለው ጫፍ እያቃሰተ ተነሣ።

"ግባ፣ መሐንዲስ! እኔ ተጭኜ ይዤልሃለሁ" አለኝ።

በደረቴ እየተሳብሁ ገባሁ። የብሎኖቹን ረድፍ በጣቴ ዳሰስሁ፤ ከሥዕሉ ላይ የማይታየውን ጎድጓዳ አገኘሁትና ደስ አለኝ። ከዚያ ጉልበቴ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ዞር ብዬ አየሁት። ግማሽ አካሉ አፈር ውስጥ የተቀበረ፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ፣ ጭራው ላይ ቀጫጭን ክንፎች ያሉት። ቦምብ መሆኑን ለማወቅ ሥዕል አላስፈለገኝም። ክንፉ እስከዚያን ቀን ተንተርሶት የኖረው እሱን ነበር። አሁን ከአናቱ ላይ አንሥቶ የያዘው የደሱ ክብደት ብቻ ነው።

ደሱን አውቀዋለሁ። ጥንቸል ከቁጥቋጦ ብትዘል እግሬ አውጭኝ የሚል ልጅ ነው። ቦምብ አለ ካልሁት ይዘላል፤ ከዘለለ ክንፉ ይወርዳል።

"ምነው ዝም አልህ? ጅብ በላህ?" አለ፣ በተረከዙ ክንፉን እየመታ። እያንዳንዱ ምት ጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ።

"እየለካሁ ነው" አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። "አትንቀሳቀስ፣ ልኬቱ ይበላሽብኛል።"

"አንተና ልኬትህ!" ግን መምታቱን ተወ።

ወደ ኋላ እየተሳብሁ ወጣሁ። መሮጥ እችል ነበር፤ ደሱ ግን ገና ላይ ነው። ድንጋይ አነሣሁና ከክንፉ ጫፍ ሥር አስገባሁ። ሌላ ደረብሁበት።

"ምን እየሠራህ ነው? ጎጆ ልትወጣ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። "እግሬ ደንዝዟል፣ ልወርድ ነው!"

"ደሱዬ፣ በእናትህ፣ ትንሽ ቆይ።"

እንዲህ ብዬ ለምኜው አላውቅም። ሳቁን አቆመ፤ ፊቴን አየ። ምንም ሳይጠይቅ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ጉሙ ደርሶ ከወገቡ በታች ዋጠው፤ እግሮቹን ማየት አልቻልሁም።

ድንጋዩ ክንፉን ሲነካ "ቀስ ብለህ ወደ ቋጥኙ ተመለስ" አልሁት። ተራመደ። ክንፉ ድንጋዩን ተጫነው። አንድ ጠጠር ተፈናጥሮ ወደ ገደሉ ወረደ፤ ሲንከባለል ለረጅም ጊዜ ሰማነው። ክምሩ ግን ያዘ። የደሱን እጅ ይዤ መንገዱ ላይ እስክንደርስ አልለቀቅሁትም። እዚያ ስነግረው መንገድ ዳር ተቀምጦ አስመለሰ።

ፀጉር ቤቱ ስንደርስ ጋሽ ሞላ የደንበኛ ፀጉር እየቆረጡ ነበር። ያየነውን ሰምተው መቀሱን አስቀመጡ።

"ነካችሁት?"

"ጉልበቴ ነክቶታል" አልሁ።

ጎንበስ ብለው ጉልበቴን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ከዚያ ደንበኛውን በግማሽ ፀጉር ትተው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ባለሙያዎች መጥተው ሲያፈነዱት ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ደሱ ከዴስኩ ሥር እጄን ፈልጎ ያዘ። ክንፉም አብሮ ጠፋ።

ዛሬም ሞዴል እሠራለሁ። የድሮ አውሮፕላን ከሚወዱ ሰዎች ጋር በስልክ እንጻጻፋለን፤ የፈለግሁትን አውሮፕላን ሆድ ፎቶ ከሁሉም በኩል ይልኩልኛል። ደሱ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ፣ ለቱሪስቶች በቅሎ ይጭናል። ሲመጣ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን እያነሣ "ሥሩን በደንብ አይተኸዋል?" ብሎ ይቀልድብኛል፤ እንስቃለን። በእነዚህ ዓመታት ግን ከደመናው በላይ የማይታይ ድሮን ሲያጉረመርም ደሱ ያነሣውን መልሶ ያስቀምጣል። የእህቴ ልጆች ማንም ሳያዝዛቸው ጠረጴዛው ሥር ይገባሉ። ያኔ የምፈራው ነገር የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ ድንጋይ ደግፌ ጓደኛዬን አወረድሁ። አሁን ሙጫው ጣቴ ላይ እየደረቀ፣ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ጣሪያውን አያለሁ።