የመኪናዋ ቀኝ ጎን

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ሰመር፣ ሳን ሆዜ በምኖርበት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ያን ቀን ያደረግኩት ልክ እንደነበር የሰማ ሁሉ ነግሮኛል። እኔም ብሆን ሌላ ምን ማድረግ እችል እንደነበር አላውቅም። ግን ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ልጻፈው አልኩ።

ሥራዬ ዲቴሊንግ ነው። ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጡበት ግቢ ውስጥ መኪና አጥባለሁ፣ ውስጡን አጸዳለሁ፣ የተጫረ ቀለም በማሽን ፖሊሽ አደርጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለሐበሻ ደንበኞች ቤቴ እሠራለሁ።

አቶ ተሰማ የደወሉልኝ ከኦክላንድ ነበር። ስልኬን ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀኝ ሰው ሰጥቷቸው ነው።

"ኦክላንድም እኮ የሚሠሩ ልጆች አሉ፤ ለምን እስከዚህ ይደክማሉ?" አልኳቸው።

"አይ ልጄ፣ እዚህ የሚያውቀኝ ሰው ይበዛል" አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት በብርማ ካምሪ መኪናቸው መጡ። ኮትና ከረባት የለበሱ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ታክሲ ነድተዋል። ወደ ግቢዬ ሲታጠፉ የቀኝ ጎማቸው የእግረኛ መንገዱ ላይ ወጥቶ ወረደ። "መግቢያህ ጠባብ ነው" ብለው ሳቁ።

መኪናዋን አጥቤ ስጨርስ ጉዷ ወጣ። በግራ በኩል አዲስ ናት ማለት ይቻላል። ቀኟ ግን ከፊት መከላከያው እስከ ኋላ በሩ ድረስ ተቧጭሯል። አንዱ ጋ ቢጫ ቀለም፣ ሌላው ጋ ነጭ ቀለም ተለጥፎበታል። የቀኝ መስታወቷ በፕላስተር ታስሯል።

"ይሄ ምንድን ነው አባቴ?"

"የገበያ ጋሪ ነው።"

"ይሄኛውስ?"

"ፓርኪንጉ ጠባብ ነው።" ከዚያ ቀጥለው "ነገ ሰሎሜ ትመጣለች። ከማየቷ በፊት እንዲጠፋልኝ ነው" አሉ።

ሰሎሜ ማውንቴን ቪው የምትኖር ብቸኛ ልጃቸው ናት። መንዳት ይብቃህ፣ ቁልፉን ስጠኝ ብላ ካስቸገረቻቸው ቆይታለች። እንደገና ጭረት ካየች ቁልፉን ሳትወስድ እንደማትመለስ ያውቃሉ።

"መዞር አምሮኝ አይደለም" አሉኝ። "ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሄይዋርድ፣ ነርሲንግ ሆም የሚሉት መጦሪያ ቤት ናት። የመርሳት በሽታ ይዟት እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቷታል። ሠራተኞቹ ደጎች ናቸው፤ የምትለውን ግን አይሰሟትም። ምሳዋን እኔ ካላጎረስኳት አፏን አትከፍትም። በየቀኑ እሄዳለሁ፤ ዛሬ ብቻ ነው የቀረሁት።"

"በኡበር ታክሲ ቢሄዱስ?"

"የስልኩን ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ። አንድ ጊዜ ሞክሬ የማላውቀው ሰፈር ጣለኝ።"

ሥራዬን ጀመርኩ። ጭረቱ ላይ ጥፍሬን ሳስኬድ ካልያዘኝ በፖሊሽ ይጠፋል፤ ከያዘኝ ግን ጥልቅ ነው ማለት ነው። ብዙው ጠፋልኝ። ያልጠፋውን በቀጭን ብሩሽ ቀለም ቀባሁት። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉ። በመሀል ውሃ አምጥቼ በቀኛቸው አስቀመጥኩላቸው፤ አልነኩትም። "ውሃውን ይጠጡ እንጂ" ስላቸው በግራቸው ፈለጉት።

"አባቴ፣ በቀኝ በኩል ደህና ያያሉ?"

"አያለሁ" አሉ ቶሎ ብለው። ቀና ብለው ግን አላዩኝም።

ስጨርስ መኪናዋ አበራች። በሩን በእጃቸው ዳሰሱትና "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። ጥርጣሬው ስላልለቀቀኝ እኔ ነድቼ ላድርስዎ ብዬ ለመንኳቸው። "ስመጣ ማን አመጣኝ?" ብለው ተቆጡና ገብተው ሞተሩን አስነሱ።

የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ በስኩተሯ ከቀኝ በኩል እየመጣች ነበር። መኪናዋ ሳትቆም ወደ እግረኛ መንገዱ ወጣች።

"ቁም! ቁም!" ብዬ ጮህኩ።

ፍሬኑን ያዙ። ስኩተሩ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ልጅቷን ሣሩ ላይ ወድቃ አየኋት። ከዚያ ተነሥታ ማልቀስ ጀመረች። ምንም አልነካትም። እናቷ እየሮጠች መጥታ አቀፈቻት።

አቶ ተሰማ በመስኮት ብቅ ብለው "ምንድን ነው? ማነው የሚያለቅሰው?" አሉ። ጨርሶ አላዩም።

እጄን አስገብቼ ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ወሰድኩ። ወርደው ልጅቷን አዩ። እናትየዋን ይቅርታ ጠየቁ፤ ወዲያው ግን ክንዴን ያዙኝ።

"ለሰሎሜ እንዳትደውል፤ በእናትህ። ነገ ምሳዋን ማን ያጎርሳታል?"

ስልካቸውን ወስጄ ለሰሎሜ ደወልኩ።

ሰሎሜ እያለቀሰች መጣች። በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ "አይ ኖው ዳዲ፣ አይ ኖው"፣ አውቃለሁ አባዬ እያለች አቀፈቻቸው። እሷ መኪና ውስጥ ገብተው ሲሄዱ ወደ እኔ አልዞሩም። ካምሪዋ ስላማረች ብዙም ሳትቆይ ተሸጠች።

ከዚያ ወዲህ አቶ ተሰማን ያገኘኋቸው አንዴ ብቻ ነው፤ ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ አንድ ምግብ ቤት፣ ከሰሎሜ ጋር ተቀምጠው። አሁን የሚኖሩት እሷ ቤት ነው። ያኮረፉኝ መስሎኝ ፈራ ተባ እያልኩ ሄጄ ሰላም አልኳቸው። ድምፄን ሲሰሙ እጄን ያዙ።

"ወይዘሮ ጥሩወርቅ እንዴት ናቸው?"

"አለች። በቱቦ ነው የሚመግቧት። ሰሎሜ ሥራ ስላላት እሑድ እሑድ ትወስደኛለች።" እጄን አልለቀቁም። "በየቀኑ እያየችኝ ነበር ለካ የምታውቀኝ። አሁን ስገባ ቀና ትልና 'ይቅርታ፣ እርስዎ ማነዎት?' ትለኛለች።"

ሰሎሜ አንገቷን ደፋች።

"አንተ ምን ታደርግ" አሉኝ። "የሰው ልጅ ልገድል ነበር እኮ።"

ቁልፉን በመውሰዴ አልጸጸትም። ዛሬም ቢሆን እወስደዋለሁ። ያም ሆኖ ሌላ ሽማግሌ ሲነዳ ባየሁ ቁጥር ያ 'ነገ ምሳዋን ማን ያጎርሳታል?' ያሉት ጥያቄያቸው ይመጣብኛል፤ መልስ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።