አባቴ በዝናብ ጣራ ላይ የወጣ ዕለት

ትናንት የሕንጻችንን ጣራ ሊያድሱ ሠራተኞች መጡ። የጋለው ሬንጅ ሽታ በመስኮት ሲገባ ያጠብኩትን ልብስ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ልጅ ሳለሁም የምንኖረው እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ሄ የሚባለው ሰፈር፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ክረምት ጠፍጣፋው ጣራ ውሃ እያቆረ አልጋዬ ላይ ያፈስ ጀመር። ግድግዳው ጠቆረ፤ ብርድ ልብሴ ሻገተ፤ እኔንም ሳል ያዘኝ። ጣራ የሚሠራው ካብላን፣ ተቋራጩ፣ "ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ" ብሎ ቀረ። ሳሌ በጠናበት ጠዋት አባቴ የጋለ ሬንጅ ባልዲ አንጠልጥሎ ሊወጣ ተነሣ።

እናቴ ደረጃው ላይ ክንዱን ያዘችው። "አንተ ሰው፣ ያዳልጥሃል! ካብላኑ እስኪመጣ ብትታገስ ምን አለበት?"

"አንዴ ታግሼ እናቴን ዝናብ ወሰዳት" አላት።

እናቴ ክንዱን ለቀቀችው። እኔ አያቴን ጎርፍ የወሰዳት መስሎኝ ፈራሁ። አባቴ መዳፉ ተቃጥሎ ወረደ፤ ሬንጁ ግን እርጥብ ጣራ ላይ አልያዘም፤ ማፍሰሱም አልቆመም። አልጋዬን ሳሎን ድረስ ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠና ትንፋሼን ያዳምጥ ጀመር።

ነገሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ቤተሰቦቼ ወደ እስራኤል ለመምጣት አዲስ አበባ ሲጠባበቁ፣ አያቴ በሚያፈስ የኪራይ ቤት ታማ ሞታለች። አባቴ አከራዩ ጣራውን እስኪያድስ ይጠብቅ ነበር።

አሁን አርጅቷል። ዝናብ ሲጥል ይደውልልኛል።

"ልጄ፣ የልጆቹ ክፍል ደረቅ ነው?"

"ደረቅ ነው፣ አባቴ።"

አያምነኝም። አውቶቡስ ተሳፍሮ ይመጣና ጃኬቱን ሳያወልቅ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል።