ቃል የሌለው ዜማ

ግቢያችን ጫፍ ያለችውን ክፍል የተከራየው የፊዚክስ መምህር ሃርሞኒካ ይነፋ ነበር። «ይነፋ ነበር» ስል ሰው ሁሉ እንደሚነፋው እንዳይመስላችሁ። ያቺን ከመዳፍ የማትበልጥ ብረት ከንፈሩ ላይ ሲያሳርፋት ሦስት ሰው የሚጫወት ይመስል ነበር፤ አንዱ ዜማውን ይመራል፣ አንዱ ከሥር ያጅበዋል፣ ሦስተኛው ምቱን ይጠብቃል። ሃርሞኒካ ትንፋሽ ሲገባም ሲወጣም ስለሚጮህ፣ ይህ ሰው መቼ እንደሚያርፍ ለማወቅ ብዙ ቀን ደረቱን እያየሁ ተቀምጫለሁ። አባቱ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ነበሩ፤ የፈረንጆቹን ክላሲካል ከእሳቸው በጆሮው የለቀመው ነው።

ከዓረብ አገር ተመልሼ ደብረ ታቦር ላይ የልብስ ስፌት ቤት ከከፈትሁ ወዲህ የሚያስደስተኝ ነገር ቢኖር ከሥራ መልስ በረንዳው ላይ ሲጫወት መስማት ነበር። እናቴም ወደደችው። የዜማዎቹን ስም አታውቅም፤ ዜማዎቹን ግን ታውቃቸዋለች። «ይቺ እንኳ የውሃ ቦቴው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማት ናት» ትላለች። እውነቷን ነው። «ይቺ ደግሞ ስልክ ደውለን ጠብቁ ሲሉን የምትመጣው። ያችኛይቱ ሙሽራ ስትገባ።» መምህሩ ሃርሞኒካውን ከአፉ አውጥቶ ሳል እስኪይዘው ይስቃል። «እማማ፣ እርስዎ እኮ ከተማሪዎቼ ይበልጣሉ» ይላታል።

በዚህ መሃል የእህቴ ሞት ተሰማ። ታናሼ ናት፤ እኔ ስመለስ በእኔ ቦታ፣ እኔው ሠርቼበት በነበረው ቤት የገባች። መንገዱን ያሳየኋት እኔ ነኝ። እዚያ አጠገቧ የምትሠራ ልጅ ደውላ፣ ታማ ሐኪም ቤት ሳትደርስ እንደሞተች ነገረችኝ። የተደወለልኝ ሱቅ ውስጥ ነበር። አፌን በብጣሽ ጨርቅ ወትፌ አለቀስሁ፤ ከዚያ ፊቴን ታጠብሁና ወደ ቤት ሄድሁ።

ወጉ እንዲያ ነው። በእኛ ዘንድ እናት የልጇን ሞት እንዲሁ በቆመችበት፣ ከአንድ ሰው አፍ አትሰማም። የሥጋ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌና ቄስ ይያዛል፣ ገና ጎህ ሲቀድ ቤቷ ተደርሶ መርዶውን ያረዷታል። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው መኖር አለበት። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሁሉ እንዳላወቀ ይሆናል። የእናቴ ወንድሞች ያሉት እብናት ነው። መንገዱ ደግሞ ተዘግቶ ነበር፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እየተባለ ቀኑ ይሄዳል። ትልቁ አጎቴ በስልክ «እኛ ሳንደርስ ትንፍሽ እንዳትይ። ብቻዋን ሰምታ አንድ ነገር ብትሆን በአንቺ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ዝም አልሁ። ነጭ ለበስሁ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ። እናቴ «ልጅቱ ምነው ድምፅዋ ጠፋ?» ስትለኝ «ኔትወርክ የለም» አልኋት። ኔትወርኩ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይኖር አመነችኝ፤ ውሸቱ ይህን ያህል መቅለሉ አሳፈረኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሐዘኑን ለደበቀ ምን እንደሚባል አላውቅም።

ለመምህሩ ነገርሁት። ከዚያ ምክክር ያዝን። መጫወቱን ቢያቆም ትጠረጥራለች። ዘፈን ቢጫወት ልጇ ለሞተባት እናት ነውር ነው። ትዝታ ቢጫወት ደግሞ እኔ አልችልም። በመጨረሻ መላ ያገኘን መሰለን፤ ክላሲካል ብቻ ይጫወት። ግጥም የለው፣ እስክስታ የለው፣ የማንንም ሐዘን አይቀሰቅስ። የተማርን ነንና እንዲህ አሰብን።

እስከ ሰባተኛው ቀን ሠራልን። እናቴ ቦቴዋን፣ ስልኳን፣ ሙሽራዋን እየለየች ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። በማግሥቱ ግን መምህሩ ደስ የሚሉት አልቀውበት ይሁን ልቡ ከብዶት እንጃ፣ ቀስ ያለ ረጅም ዜማ ጀመረ። እንዲያ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም። አንዷን ድምፅ ይዞ ያቆያታል፣ ያቆያታል፤ አሁንስ ትንፋሹ አለቀ ስል በመዳፉ እያራገበ ያንቀጠቅጣታል። ኀፍረቴን ልናገርና፣ ለጥቂት ደቂቃ እህቴን ረሳኋት። ውብ ነበር።

ምስር ትለቅም የነበረችው እናቴ እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሳች።

«ይቺንም ዐውቃታለሁ» አለች።

የቦቴ ናት ወይ የሙሽራ ናት እስክትል ጠበቅን።

«እኔ ልጃገረድ ሳለሁ ሬዲዮኑ አንዳንድ ቀን ወሬውን ሁሉ ትቶ ከጧት እስከ ማታ እንዲህ ያለውን ብቻ ያሰማን ነበር። ያን ጊዜ ትልቅ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ማን እንደሆነ የሚነግሩን ግን ሌላ ቀን ነው፤ እነሱ እስኪመካከሩ። አባቴ ስሙ እስኪነገር አይጠብቁም። ይችን ሲሰሙ ኩታቸውን ያዘቀዝቃሉ።»

መምህሩ ሃርሞኒካውን ከአፉ አወጣ። መጫወቱን ቢቀጥል ኖሮ ምናልባት ባለፈ ነበር። እሱ ሲያቆም እኔ መሬት መሬት አየሁ። እናቴ እሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ልጄ ናት?»

አጎቴ ትንፍሽ እንዳትይ ብለውኛል። ትንፍሽ አላልሁም። እሷ ግን ጥያቄዋን አልደገመችም።

«ስንት ቀኗ ነው?» አለች።

«ዛሬ ስምንት።»

ሁላችን የፈራነው መውደቋን ነበር። አልወደቀችም። ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች።

«ሣልስቷ ዐለፈ፤ ፍትሐት ሳይደረግላት። ሰባቷ ትናንት ነበር።» ቀና ብላ አየችኝ። «ትናንት ምን ስሠራ ዋልሁ?»

መምህሩ ተነስቶ መሄድም መቀመጥም አቅቶት ግድግዳውን ተደግፏል።

«ስስቅ ዋልሁ» አለች እናቴ። «አንቺ ደግሞ እያወቅሽ፣ አብረሽኝ።»